ባሕሩ ሲሞቅ ዓሣው ለምን ወደ ቀዝቃዛው አይሄድም?

ጤዛ (ጥያቄውን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰሞኑን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። ስለ ባሕር መሞቅ ከወንድሜ ጋር ስናወራ «ምን ያስጨንቅሻል? ዓሣ ክንፍ አለው፤ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው ይሄዳል» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። እውነት ይመስላል። ባሕር ሰፊ ነው፣ አጥር የለውም።

ግን ካነበብኩት ጋር አልገጥም አለኝ። የሰው ልጅ በለቀቀው ጋዝ የተነሳ ምድር ላይ ከተጠራቀመው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የዋጠው ባሕር ነው። ይህን ሁሉ ውጦም የገጹ አማካይ ሙቀት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ የጨመረው ወደ 0.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። አንድ እንኳ አልሞላም። እኛ ከጠዋት እስከ ቀትር የአሥር ዲግሪ ልዩነት ችለን እንውል የለ? ታዲያ ይህቺ ለዓሣ ምን ትከብደዋለች? ከከበደችውስ ለምን ተነስቶ አይሄድም?

የምታውቁ አስረዱኝ። ክርክር ለማሸነፍ አይደለም፤ ነገሩ ከልቤ አሳስቦኝ ነው።

የባዮሎጂ መምህሩ

ጤዛ፣ ወንድምሽ ግማሽ እውነት ይዟል። ዓሦች እየሄዱ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ያቺን 0.9 ዲግሪ እንያት።

ውጪው ቢሞቅም ቢበርድም ያንቺ ሰውነት 37 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ላብ አለሽ፣ ልብስ አለሽ፣ ጥላ አለሽ። አብዛኛው ዓሣ ይህ ሁሉ የለውም። የውኃው ሙቀት የሰውነቱ ሙቀት ነው። እንደ ቱና ያሉ፣ ጡንቻቸውን ከውኃው ይልቅ አሙቀው የሚይዙ አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የባሕሩን ዲግሪ ከቀኑ አየር ጋር አታስተያዪው። ከትኩሳት ጋር አስተያዪው። በዚያ ላይ 0.9 አማካይ ናት። በአንድ አካባቢ፣ በአንድ በጋ፣ ሙቀቱ ሦስትና አራት ዲግሪ የሚዘልበት ጊዜ አለ። ይህን የባሕር የሙቀት ማዕበል ይሉታል።

ውኃው ሲሞቅ የዓሣው ሰውነት ሥራው ይፈጥናል። በጥቅሉ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር የሚያቃጥለው ጉልበት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ምግብም ኦክስጅንም በብዛት ይፈልጋል። ሙቅ ውኃ ደግሞ ኦክስጅን መያዝ አይሆንለትም። ጨው የሌለው ውኃ በ0 ዲግሪ በአንድ ሊትር 14.6 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በ30 ዲግሪ ወደ 7.6 ይወርዳል። የባሕር ውኃ ጨው ስላለው ከዚያም ያንሳል። ዓሣው ብዙ በሚፈልግበት ሰዓት ውኃው ያለውን ይቀንስበታል ማለት ነው።

ከ1960 ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የዓለም ውቅያኖሶች ከነበራቸው ኦክስጅን 2 በመቶ ገደማ አጥተዋል። ምክንያቱ ሙቅ ውኃ ኦክስጅን መያዝ አለመቻሉ ብቻ አይደለም። የሞቀ ውኃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፍና እንደ ክዳን ይሆናል። ከላይ ያለው አየር ወደ ታች አይወርድም፣ ከታች ያለው ለም ንጥረ ነገርም ወደ ላይ አይወጣም።

ብርጭቆ ባሕር

መምህሩ የጻፉትን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቤቴ ውስጥ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለኝ። አንድ ጊዜ ማሞቂያው አልጠፋ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ጠዋት ስነሳ ውኃው 33 ዲግሪ ደርሷል። ዓሦቹ በሙሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው ነበር። ስንጥባቸው በፍጥነት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ውኃው ንጹሕ ነው፣ ምግብም አልጎደለም። ያጡት ትንፋሽ ነው።

የአየር መንፊያ ጨመርኩ፣ ውኃውን ቀስ እያልኩ አቀዘቀዝኩት። ትልልቆቹ ቀድመው ሞቱ። ትንንሾቹ ተረፉ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

የባዮሎጂ መምህሩ

ብርጭቆ ባሕር፣ አዝናለሁ። ያነሳኸው ሳይንቲስቶችም ገና የሚከራከሩበት ነገር ነው። ዳንኤል ፖሊ የተባለ የዓሣ ሀብት ተመራማሪ የሚለው እንዲህ ነው፦ የዓሣ ገላ በቁመትም በጎንም በውፍረትም ያድጋል፤ ኦክስጅን የሚያስገባው ስንጥብ ግን ስስ ገጽ ስለሆነ ከገላው እኩል አይሄድም። ዓሣው በገዘፈ ቁጥር ትንፋሽ ያጥረዋል። ሌሎች ደግሞ ስንጥብ እየተጣጠፈ እንደ ፍላጎቱ ማደግ ይችላል ብለው ይቃወሙታል። በምክንያቱ አይስማሙ እንጂ፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ያደጉ ብዙ ዝርያዎች ሙሉ ዕድሜያቸው ላይ ሲደርሱ አነስ ብለው እንደሚቀሩ በተደጋጋሚ ታይቷል። ያነሰች እናት ዓሣ የምትጥለው እንቁላልም ያነሰ ነው። በጣም ያነሰ።

ሚዛን

ይቅርታ፣ እኔ በዚህ አካሄድ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ዓሣ በዚህች ምድር ላይ በመቶ ሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት የሚለካ ዕድሜ አለው። በረዶ ዘመን መጥቷል፣ ሄዷል። ባሕር ሞቋል፣ ቀዝቅዟል። ዓሣ አለ።

ሁለተኛ፣ ዓሣ ያለቀው በሙቀት ነው ስንል መረቡን እንረሳለን። የካናዳው የኒውፋውንድላንድ ኮድ ዓሣ ለዘመናት ሰው ሲመግብ ኖሮ በ1992 ማጥመድ የተከለከለው ውኃው ስለሞቀ አልነበረም። ተጠምዶ ተጠምዶ ስላለቀ ነው። ዛሬም ከዓለም የዓሣ ክምችቶች ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ከሚችሉት በላይ እየተጠመዱ ነው። መጀመሪያ መረቡን እናንሳ።

ሦስተኛ፣ የሚጠቀሙ አሉ። ሙቀት የሚወዱ ዝርያዎች ቦታ እያገኙ ነው። ይህስ ለምን አይነገርም?

የባዮሎጂ መምህሩ

ወንድሜ ሚዛን፣ መረቡን ማንሳትህ ተገቢ ነው። ከአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ያለውን የሜይን ባሕረ ሰላጤ እይልኝ። ከ2004 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ከዓለም ባሕሮች 99 በመቶ ከሚሆነው በላይ በፍጥነት ሞቋል። ኃላፊዎቹ የኮድ ኮታ ደጋግመው ቀነሱ። ኮዱ ግን አላገገመም። በኋላ ሲጠና፣ ኮታው የተሰላው ባሕሩ እንደ ድሮው ነው ተብሎ እንደሆነ ታወቀ። በሞቀ ውኃ የሚወለደውም የሚተርፈውም ግልገል ስላነሰ፣ በወረቀት ላይ መጠነኛ የሚመስለው ማጥመድ ባሕሩ ውስጥ ከመጠን በላይ ሆነ። ስለዚህ መረቡና ሙቀቱ ተለያይተው አይቆጠሩም። መረቡ ትልልቆቹንና ብዙ የሚወልዱትን ይወስዳል፤ ሙቀቱ ሲመጣ መቋቋሚያ አቅም የለም።

«ድሮም ሞቋል» ላልከው፦ አዎ። ያኔ ብዙውን ጊዜ በሺህ ዓመታት ነበር። አሁን በአንድ ሰው ዕድሜ ነው።

መሄዱን በተመለከተ፣ ጤዛ፣ የባሕር ዝርያዎች በአማካይ በየአሥር ዓመቱ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ዋልታዎቹ እየተጠጉ ነው። ከየብስ እንስሳት ጋር ሲተያይ ፍጥነቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሌሎቹ ደግሞ ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። ወንድምሽ የሳተው መሄዳቸውን አይደለም። ሁሉም አብረው የሚሄዱ መስሎታል።

ዓይነ ውኃ

እኔ ልቀጥልበት፤ ይህ የምወደው ርዕስ ነው።

አዋቂው ዓሣ ይሄዳል። እንቁላሉስ? በ2020 የታተመ አንድ ጥናት 700 የሚጠጉ የዓሣ ዝርያዎችን መርምሮ ነበር። እንቁላል ልትጥል የደረሰች ዓሣና እንቁላል ውስጥ ያለ ፅንስ ሙቀት የመቻል አቅማቸው ከሌላው ዕድሜ ሁሉ በጣም ጠባብ ሆኖ ተገኘ። ፅንስ ገና ስንጥብ የለውም፣ ልቡም አልጠናም። ሸክም የያዘች እናት ደግሞ ለራሷም ለእንቁላሎቿም ትተነፍሳለች። አዋቂው የሚችለውን ውኃ ፅንሱ አይችለውም ማለት ነው። መኖሪያው አለ፣ መውለጃው ግን ጠፍቷል። ብዙ ዝርያ እንቁላል የሚጥለው በተገኘው ቦታ ሁሉ አይደለም። የተወሰነ ጥልቀት፣ የተወሰነ ሞገድ፣ የተወሰነ ወለል ይፈልጋል። ያ ቦታ ተነስቶ አይከተለውም።

ከዚያ ደግሞ ምግቡ አለ። በብሪታንያና በስካንዲኔቪያ መካከል ያለውን የሰሜን ባሕርን ታሪክ ልንገራችሁ። ካላነስ ፊንማርኪከስ የምትባል፣ ከ3 ሚሊሜትር ብዙም የማትበልጥ ፍጥረት አለች። በውኃ ላይ የምትንሳፈፍ፣ ስብ የሞላባት ናት። በጸደይ ትበዛለች። የኮድ እጮች የሚፈለፈሉትም በጸደይ ነው። አፋቸውን ሲከፍቱ ምግቡ ፊታቸው ላይ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን ውኃው ሲሞቅ ይህቺ ወደ ሰሜን ሸሸች። በቦታዋ ዘመዷ ካላነስ ሄልጎላንዲከስ መጣች። መልካቸው አንድ ነው፤ በማጉያ ካልሆነ አይለዩም። ሆኖም አዲሷ የምትበዛው በበጋው ማብቂያና በመኸር ነው። እጮቹ በጸደይ ተፈልፍለው ይጠብቃሉ፤ ምግቡ የሚመጣው ካለቁ በኋላ ነው።

ይህን የምናውቀው እንዴት እንደሆነ ሳስበው ይደንቀኛል። ከ1931 ጀምሮ የንግድ መርከቦች ከኋላቸው አንዲት የብረት ሣጥን በገመድ ይጎትታሉ። ውስጧ ረጅም የሐር ጨርቅ ይጠቀለላል። ውኃው ሲያልፍባት ጥቃቅኑ ሕይወት ሐሩ ላይ ይቀራል። ጨርቁ ላቦራቶሪ ደርሶ በሰው ዓይን ይቆጠራል። ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እንዲህ ባይደረግ ኖሮ፣ ያቺ ትንሽ ፍጥረት መሄዷን ማንም ልብ ባላለ ነበር። ሰው የሚያየው የኮዱን ማነስ ብቻ ነበር።

ነባሩ መርከበኛ

ልጆች፣ ሰላም። ብዙ ዓመት በጭነት መርከብ ሠርቻለሁ። ዓይነ ውኃ የጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ያቺ ካላነስ የዓሣ ብቻ ምግብ አይደለችም። የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪም የሚኖረው በእሷ ነው። ከ2010 ገደማ ወዲህ በሜይን ባሕረ ሰላጤ ምግቡ ሲሳሳ ነባሪዎቹ ተከትለው ወደ ሰሜን፣ ወደ ካናዳው የቅዱስ ሎውረንስ ባሕረ ሰላጤ ገቡ። እዚያ ማንም አልጠበቃቸውም። የመርከብ መንገድ ነው፣ የሸርጣን ማጥመጃ ገመድ በየቦታው ተዘርግቷል። በ2017 በካናዳና በአሜሪካ ውኃ 17 ሬሳ ተገኘ። ምክንያታቸው ከታወቀው ውስጥ ዋናዎቹ የመርከብ ግጭትና ገመድ ናቸው። በዓለም ላይ የቀሩት ደግሞ ከ400 በታች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ካናዳ ትልልቅ መርከቦች በዚያ አካባቢ ከ10 ኖት እንዳያልፉ ደነገገች። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ተኩል ማለት ነው። የመርከብ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከመምሪያው ላይ ቆመህ ከፊትህ ያለውን ጥቁር ጀርባ በማዕበል መሃል መለየት ይቸግራል። ብታየውም ያን የሚያህል ብረት በቶሎ አይቆምም። ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

እና ጤዛ ልጄ፣ ለወንድምሽ ንገሪው። እነዚህ ሄደው ነበር። የሄዱበት ቦታ ነው የገደላቸው።

ጤዛ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን አንብቤ ስልኬን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

አሁን አንድ ሌላ ነገር መጣብኝ። የማይንቀሳቀሱትስ? ኮራል እንስሳ ነው አይደል? እሱ ወዴት ይሄዳል?

ቀይ ድንጋይ

ጤዛ፣ ኮራል እንስሳ ነው፤ አዎ። አንዴ ከተተከለ አይነሳም። እጩ ብቻ ነው ጥቂት ቀን ወይም ሳምንት በውኃ የሚንሳፈፈው።

እኔ ለዓመታት ባሕር ውስጥ እየጠለቅሁ ኮራል ስመለከት ኖሬያለሁ። ኮራል ሪፍ (ኮራሎች ተደራርበው የሠሩት የባሕር ውስጥ ቋጥኝ) ከባሕር ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከባሕር ዝርያዎች ሩብ ያህሉ ግን በሆነ የዕድሜ ክፍሉ ይጠለልበታል። ቀለሙና ምግቡ የሚመጣው ሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ነው። እነሱ ከፀሐይ ስኳር ይሠራሉ፣ እሱ ቤት ይሰጣቸዋል። ውኃው ከተለመደው የበጋ ጣሪያ በ1 ዲግሪ ያህል በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ውላቸው ይፈርሳል። አልጌው በሙቀት ተጨንቆ መርዝ ያመነጫል፤ ኮራሉ ያወጣዋል። ነጭ አጥንቱ ይታያል። ያኔ ገና አልሞተም። እየተራበ ነው። ውኃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ይድናል።

ነጭ ሪፍ ላይ ስትዋኙ የሚገርመው ጸጥታው ነው። ጤነኛ ሪፍ ይንጫጫል፤ ሽሪምፑ ይንጣጣል፣ ዓሣው ይግጣል። የሞተው ላይ ግን የራስን ትንፋሽ ብቻ ነው የምትሰሙት።

ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት በ1998፣ በ2010፣ ከ2014 እስከ 2017 ደርሷል። አራተኛው በ2023 ጀምሮ በሚያዝያ 2024 ይፋ ተደረገ። በዚህኛው ከዓለም ሪፍ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ለመንጣት የሚያበቃ ሙቀት ነክቶታል። በ2023 ክረምታችን ላይ ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ ጥልቀት በሌለው የባሕር ጥግ ያለ መለኪያ 38.4 ዲግሪ አንብቧል። ያ የሰው ትኩሳት ነው። ሰዎች ለዓመታት በባሕር ውስጥ ያሳደጉትን ኮራል እየነቀሉ የብስ ላይ ወዳለ ገንዳ ሲያሸሹ ነበር። ዓሣ ሲሸሽ አይተናል፤ ኮራልን ግን ሰው ካላሸሸው ማን ያሸሸዋል?

አንድ ተስፋ የሚሰጠኝ ቦታ አለ። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉ ኮራሎች ከሚኖሩበት ውኃ በብዙ ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ይችላሉ። የሚቀርበው ማብራሪያ ደስ ይላል። ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ ኮራሎች ወደ ቀይ ባሕር የገቡት በደቡብ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው። የደቡቡ ውኃ እጅግ ሞቃት ስለሆነ ያንን ያለፉት ብቻ ትውልድ በትውልድ ወደ ሰሜን ተሻገሩ። ፈተናውን ቀድመው ወስደዋል ማለት ነው። ይህ ሪፍ በብክለትና በግንባታ እንዳይጎዳ መጠበቅ ከምንም በላይ የሚያስጨንቀኝ ጉዳይ ነው።

ሚዛን

ቀይ ድንጋይ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። እኔም የአቃባውን አላውቅም ነበር።

ግን የሚጠቀሙትን ያነሳሁት ጥያቄ አልተመለሰልኝም። ወደ አዲስ ቦታ የገባ ዓሣ ለዚያ ቦታ ሀብት አይሆንም ወይ?

ዓይነ ውኃ

ሚዛን፣ አንዳንዴ ይሆናል። ማከሬል የሚባለው ዓሣ ከ2007 ገደማ ጀምሮ በብዛት ወደ አይስላንድ ውኃ ገባ። ቀድሞ እምብዛም የማይያዝ ዓሣ በጥቂት ዓመት ከ100 ሺህ ቶን በላይ ተጠመደ። ለአይስላንድ ሲሳይ ነው። ነገር ግን ኖርዌይ፣ የአውሮፓ ኅብረትና የፋሮ ደሴቶች ያንኑ ዓሣ የራሳችን ነው ይላሉ። እያንዳንዱ የራሱን ኮታ ቆረጠ። ተደምሮ ሳይንቲስቶች ከመከሩት በላይ ሆነ። በ2019 ማከሬሉ የነበረው የዘላቂ አጠማመድ ምስክር ወረቀት ታገደ። ዓሣው ድንበር አያውቅም፤ ስምምነቱ ግን የተጻፈው በድንበር ነው።

ሌላው ደግሞ እንግዳው የሚበላው ነገር ነው። በ2011 ከምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ ብርቱ የሙቀት ማዕበል መጣ። ኬልፕ የሚባለው ትልቅ የባሕር አረም ጫካ በ100 ኪሎ ሜትር ጠረፍ ላይ ጠፋ። ሙቀቱ አለፈ፣ ውኃውም ተመለሰ። ጫካው ግን አልተመለሰም። ከሞቃቱ አካባቢ የመጡ ሣር በል ዓሦች አዲስ የሚበቅለውን ቡቃያ እየነቀሉ ይበሉታል። ጫካው ውስጥ ይኖሩ ለነበሩት ሁሉ የእነዚያ መምጣት ሀብት አይደለም።

አዙሪት

አጭር ጥያቄ። ባሕሩ አሲድ እየሆነ ነው የሚባለውስ ነገር? ቅዝቃዜ ፍለጋ የሚሄደው ዓሣ ከእሱ ያመልጣል?

የባዮሎጂ መምህሩ

አዙሪት፣ እንዲያውም ይባስበታል። ባሕር ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ይወስዳል፤ ይህም ውኃውን ወደ አሲድነት ይገፋዋል። ከኢንዱስትሪ ዘመን ወዲህ የገጹ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ8.2 ወደ 8.1 ገደማ ወርዷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ አቆጣጠሩ የተለየ ስለሆነ ግን አሲድነቱ ወደ 30 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ ጋዝ በደንብ ይሟሟበታል። ስለዚህ ዛጎል መሥራት መጀመሪያ የሚከብደው በዋልታዎቹ አካባቢ ነው። ዛጎል ያላቸው ጥቃቅኖች እዚያ የብዙ ዓሣ ቀለብ ናቸው።

የአሸዋ ልጅ

እኔ ስለ ባሕር ኤሊ ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። የኤሊ ፆታ የሚወሰነው እንቁላሉ በተቀበረበት አሸዋ ሙቀት ነው። 29 ዲግሪ አካባቢ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ከዚያ ሲሞቅ ሴቶች ይበዛሉ። በአውስትራሊያው ታላቁ ሪፍ ሰሜናዊ ክፍል በ2018 የታተመ ጥናት ከወጣት አረንጓዴ ኤሊዎቹ 99 በመቶው ሴት መሆናቸውን አሳይቷል። እናትየዋ ለመውለድ የምትመለሰው ራሷ ወደተፈለፈለችበት ጠረፍ ነው። ቀዝቃዛ አሸዋ ሌላ ቦታ ቢኖርም እሷ የምታውቀው ያንን ነው።

ጤዛ

ሁሉንም ለወንድሜ አነበብኩለት። የመርከበኛውን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ የጠየቀኝን እንደወረደ ላምጣው፦ «እሺ፣ ድሮውንም ቀዝቃዛው ቦታ ላይ ያሉትስ? እነሱ ከዚያ ወዴት ይሄዳሉ?»

የባዮሎጂ መምህሩ

ወንድምሽ ዋናውን ጥያቄ አገኘው።

በአላስካ አጠገብ ባለው ምሥራቃዊ ቤሪንግ ባሕር ስኖው ክራብ የሚባል ሸርጣን አለ። በረዶ ወዳድ ነው። በክረምት ከላይ የሚረጋው በረዶ ከታች ወለሉ ላይ ከ2 ዲግሪ በታች የሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈጥራል። ይህ ውኃ እስከ በጋ ይቆያል። ግልገል ሸርጣኖች የሚያድጉት እዚያ ውስጥ ነው፤ የሚበላቸው ኮድ ያንን ቅዝቃዜ ስለማይደፍር መከለያቸው ነው።

በ2018 በረዶው እንደ ወትሮው ሳይረጋ ቀረ። ቀዝቃዛው ውኃ ከሞላ ጎደል ጠፋ። በወቅቱ ሸርጣኑ ብዙ ነበር፤ ተመራማሪዎች እንደዚያ ብዛት አይተው አያውቁም። በ2021 ሲቆጠር ግን ወደ 10 ቢሊዮን የሚጠጋ ሸርጣን የለም። መጀመሪያ ሄዷል ተብሎ ተፈለገ። በሰሜን ተፈለገ፣ በጥልቁ ተፈለገ። አልተገኘም።

በ2023 የወጣው ጥናት ያሳየው ይህን ነው፦ ውኃው 3 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ያ ሸርጣን አይገድልም። ላቦራቶሪ ውስጥ ከዚያ በላይም ይኖራል። ነገር ግን ሰውነቱ ሲሞቅ የሚፈልገው ምግብ ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው ወደ አራት እጥፍ እንደደረሰ ተገመተ። ያ ሁሉ ሸርጣን ጠባብ ቦታ ላይ ተጨናንቆ ነበር። ያገኘውን በላ፣ ምግቡ አለቀ። በ2018 የተያዙት ከቀድሞዎቹ ይልቅ የከሱ ነበሩ። አብዛኞቹ የሞቱት በረሃብ ነው ተብሎ ይታመናል። በጥቅምት 2022 ማጥመዱ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ።

ጤዛ፣ መጀመሪያ ያልሺው «አንድ እንኳ አልሞላም» እዚህ ጋ ነው መልሱን የሚያገኘው።

ሚዛን

መምህር፣ ይህ አሳመነኝ። መረብ ባይኖርም ይሆን ነበር ማለት ነው። ስለ መረቡ ያልኩትን አልተውኩም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ያሉትን ግን ተቀብያለሁ። 

ከሳይንቲስቶቹ ግምት አንዱ እንቅልፍ የሚነሳ ነው፦ የምድር ሙቀት ጭማሪ በ1.5 ዲግሪ ቢወሰን ከኮራል ሪፎች ከ70 እስከ 90 በመቶው ይጠፋል፤ 2 ከደረሰ ከ99 በመቶ በላይ። በግማሽ ዲግሪ መሃል ያለው ልዩነት ያ የሚተርፈው ነው። እስካሁን ግማሽ ዲግሪን እንደ ግማሽ ዲግሪ ነበር የማየው።

የጤዛ ወንድም

ሰላም። እህቴ ካነበበችልኝ በኋላ ራሴ ተመዘገብኩ። ዓሣ ክንፍ አለው ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ሸርጣኖቹ ተመለሱ?

የባዮሎጂ መምህሩ

እንኳን ደህና መጣህ። ጥቂት ተመልሰዋል። ሁለት ወቅት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በጥቅምት 2024 ማጥመዱ እንደገና ተከፈተ። የዚያ ወቅት ኮታ በ2020 ከነበረው አንድ አሥረኛ ያህል ነበር። ግልገሎች ታይተዋል፤ ለማጥመድ እስኪደርሱ ግን በርካታ ዓመት ይወስድባቸዋል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በረዶው መርጋት አለበት።

የምርምር መርከቦች በየበጋው እዚያ ወጥተው በወለሉ ላይ ከ2 ዲግሪ በታች የሆነው ውኃ ምን ያህል እንደሚሰፋ ይለካሉ። መከታተል ከፈለግህ ከኮታው በፊት ያንን ቁጥር ተመልከት።